በፍለጋ ቅጹ ውስጥ ስለተሸሸገችው አንዲት መስመር

ለተከበሩ አቶ ተክሌ ወልደ ሩፋኤል
የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ጤና ባለሙያዎች ዝውውር ማስተባበሪያ ኃላፊ
ባሉበት

እንደምን ሰነበቱልኝ? የስብሰባው ብዛት፣ የፊርማው ድካምና ያ የቆየ የወገብ ሕመምዎ እንዴት አድርገውዎታል? እኔ በስማዳ፣ ከወገዳ ከተማ ወጣ ብሎ ባለው ጤና ጣቢያ ዘጠኝ ዓመት በአዋላጅ ነርስነት ያገለገልኩት ልደት ዓለምነህ ነኝ። ከዘጠኙ ዓመት አምስቱን እርስዎ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሆነው አብረን ስለሠራን፣ ያኔም «አንተ» እያልኩ እጠራዎት ስለነበር፣ ዛሬ «እርስዎ» እያልኩ ስጽፍልዎ ርቀቱን የፈጠርኩት እኔ እንዳልሆንኩ ይረዱልኛል ብዬ አምናለሁ።

ምስጋናዬን በአደባባይ ማቅረብ የመረጥኩት፣ የዋሉልኝ ውለታ በስውር የተደረገ በመሆኑ ሳይታወቅልዎ እንዳይቀር ሰግቼ ነው።

አንደኛ፣ ስለገቡልኝ ቃል አመሰግናለሁ። አምና መስከረም ላይ ወደ ማስተባበሪያው ሲሾሙ፣ በሽኝትዎ ዕለት ሠራተኛውን ወክዬ የተናገርኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ወይዘሮ ካሰች መካነ ኢየሱስ ባለው ቤቷ ወድቃ ግራ ጎኗ አልታዘዝ ካላት ያኔ ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። ታናሽ እህቴ ዕፀገነትም እሷን ለማስታመም ደብረ ታቦር የጀመረችውን የኮሌጅ ትምህርት ሁለተኛ ዓመት ላይ አቋርጣ ነበር። ይህን ሁሉ ያውቁ ስለነበር ወደ ጎን ጠርተው፣ «ልደት፣ አታስቢ፤ መካነ ኢየሱስ ክፍት ቦታ በተገኘ ዕለት የመጀመሪያዋ አንቺ ነሽ» አሉኝ። እኔም ለዕፀገነት ደውዬ «ሁለት ወር ብቻ ታገሺኝ» አልኳት።

ሁለተኛ፣ ስለ ድረ ገጹ አመሰግናለሁ። የወረቀት ማመልከቻ መቅረቱንና ክፍት ቦታ በድረ ገጹ ብቻ እንደሚፈለግ የሚገልጸው ደብዳቤዎ ሲደርሰን፣ ቢሮዎ ድረስ በዚያ መንገድ መንገላታት ቀረልን ብለን ተደስተን ነበር። ቅጹም ቀላል ነው፤ የመለያ ቁጥርን አስገብቶ፣ ሙያን መርጦ፣ የሚፈለገውን ከተማ ጽፎ «ፈልግ» የሚለውን መጫን ብቻ ነው። በየሳምንቱ ዓርብ በምሳ ሰዓት፣ ኔትወርክ ወደሚገኝበት ወደ ጤና ጣቢያው የኋላ አጥር እየሄድኩ «አዋላጅ ነርስ፣ መካነ ኢየሱስ» ብዬ እጫን ነበር። መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ለመረጡት ቦታ ክፍት መደብ አልተገኘም።» ሁለት ጊዜ ደወልኩልዎ። በሁለተኛው «ድረ ገጹ ለማንም አያዳላም፤ አንቺ ብቻ ሳትሰለቺ ፈልጊ» ብለው አበረታቱኝ። እኔም ታዝዤ አርባ ዓርብ ፈለግሁ።

ከዚህ በኋላ አንደኛ፣ ሁለተኛ ማለቱን ልተወውና የሆነውን ልንገርዎ።

ሰኔ መጨረሻ ላይ፣ ወገዳ ኮምፒውተር የሚያስተምር ስማቸው የሚባል መምህር ልጁን ሊያስከትብ መጣ። ሚስቱን ያዋለድኳት እኔ ስለሆንኩ ይቀርበኛል፤ ላፕቶፑንም ይዞ ነበርና እስቲ አንተም ሞክርልኝ አልኩት። ቅጹን ሞልቶ ተጫነና ገጹ አናት ላይ የሚወጣውን ረጅም አድራሻ ትክ ብሎ አየው። «ሲስተር፣ ይቺን አንቺ ነሽ የጻፍሻት?» አለኝ። አልጻፍኳትም። ለካ ቅጹ ላይ ከሚታዩት ሦስት ሳጥኖች ሌላ በዓይን የማይታይ አራተኛ ሳጥን ኖሯል፤ «ፈልግ» ባልኩ ቁጥርም ሳላውቀው በእኔ ስም አብሮ ይላክ ነበር። የሚለውም ባጭሩ፣ ፈላጊው ከስማዳ ከሆነ ምንም አታሳየው ነው። ስማቸው ያችን መስመር ከአድራሻው ላይ አጥፍቶ እንደገና ፈለገ። አራት ክፍት መደብ ወጣ። አንደኛው መካነ ኢየሱስ ነበር፤ የወጣውም ጥር ላይ ነበር።

ወረፋ የሚጠብቁ ሰባት እናቶች ስለነበሩ ተነሥቼ ክትባቱን ቀጠልኩ። በአንዱ ሕፃን ካርድ ላይ የሌላውን ስም ጻፍኩ፤ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ ሲደርስብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ሰኞ ቢሮዎ መጣሁ። እርስዎ እንዲህ ያደርጋሉ ብዬ አልመጣሁም፤ ድረ ገጹን የሠራው ባለሙያ ተሳስቶ ይሆናል እያልኩ፣ መንገዱን ሙሉ ለእርስዎ ጥብቅና ቆሜ ነው የተጓዝኩት። እርስዎ ግን ሳያስለፉኝ፣ «እኔ ነኝ ያስገባሁት። ሁላችሁም ከሄዳችሁ ስማዳ ላይ ማን ያዋልዳል?» አሉኝ። የመካነ ኢየሱሱም መደብ በዚያው ሳምንት በሌላ ሰው ተያዘ።

አቶ ተክሌ፣ ጥያቄዎ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በዝናብ በቃሬዛ የሚመጡትን እናቶች አብረን ስለተቀበልን ይገባኛል። ያልገባኝ፣ ያንን ጥያቄ እኔን መጠየቅ ሲችሉ ከእኔ የሸሸጉበት ምክንያት ነው። «ልደት፣ አይሆንም፤ ምትክ እስክናገኝ ሁለት ዓመት ቆዪልን» ቢሉኝ እቆይ ነበር። አኩርፌም ቢሆን እቆይ ነበር። በበጋው፣ እናቴ ደግፈው ሲያስቀምጧት መቀመጥ በምትችልበት ጊዜ፣ መኪና ለምኜ ወደ ወገዳ አመጣት ነበር፤ ዕፀገነትም ወደ ትምህርቷ ትመለስ ነበር። ይህን ሁሉ ያላደረግሁት ዝውውሩ ለሚቀጥለው ዓርብ ይደርሳል እያልኩ ነው። አሁን ሐኪሙ በዚያ መንገድ መጓዝ አትችልም ብሏል። ክልከላ እችል ነበር፤ አስሮ ያስቀመጠኝ እርስዎ የሰጡኝ ተስፋ ነው።

ስለዚህ ነሐሴ ላይ የሥራ መልቀቂያዬን አስገባሁ። ይህን የምጽፍልዎ ከመካነ ኢየሱስ፣ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ነው። ዕፀገነት ከጓደኞቿ አንድ ዓመት ወደኋላ ቀርታ ባለፈው ሰኞ ደብረ ታቦር ሄዳለች። መኪናው ሊነሣ ሲል «ሁለት ወር ነበር እኮ ያልሽኝ» ብላ ሳቀች። ያንን ሳቅ እርስዎም ቢሰሙት ደስ ይለኝ ነበር።

ጤና ጣቢያው ላይ የቀረችው ገነት የምትባል፣ ሥራ ከጀመረች ስድስት ወር ያልሞላት አዋላጅ ብቻ ናት። ስማዳ አዋላጅ እንዳታጣ ብለው ባስገቧት መስመር ስማዳ አዋላጅ አጣች። ለዚህ የሚሆን ምስጋና ፈልጌ አላገኘሁም።

በዓይን ከሚታየውም ከማይታየውም አክብሮቴ ጋር፣ ሁለቱን ለይተው እንዲያነቡልኝ እየለመንኩ፣

የቀድሞ ባልደረባዎ፣ የዛሬዋ አስታማሚ
ልደት ዓለምነህ
መካነ ኢየሱስ፣ ጥቅምት

ሳልነግርዎ እንዳላልፍ፦ ይህንኑ ደብዳቤ በመጀመሪያ በድረ ገጽዎ የቅሬታ ማቅረቢያ በኩል ሦስት ጊዜ ልኬልዎ ነበር። ገጹ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ «የቀረበ ቅሬታ የለም» ይላል። ስለዚህ በወረቀት አባዝቼ በወገዳ፣ በነፋስ መውጫና በመካነ ኢየሱስ መናኸሪያዎች ግድግዳ ላይ አስለጥፌዋለሁ። እዚያ ለማንበብ የመለያ ቁጥር አይጠየቅም፤ ከየትኛውም ወረዳ ለመጣ ሰው ይታያል።