«ምንም የለም» ተብለው ለተመለሱ ሴቶች የተሟገቱት ቀዶ ሐኪም ዕረፍት

የሆስፒታላችን የሴቶች ቀዶ ሕክምና ክፍል መሥራችና ኃላፊ የነበሩት ሐኪም፣ ባደረባቸው ሕመም ሲታከሙ ቆይተው ባለፈው ሐሙስ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። አስተዳደሩና መላው ሠራተኛ ጥልቅ ሀዘን ተሰምቶናል፤ ክፍሉም ጭር ብሎብናል።

ሐኪሟ ሃያ ስድስት ዓመት አገልግለዋል። በሥራቸው አራተኛ ዓመት አንዲት ልብስ ሰፊ እግሯ እየደነዘዘ የስፌት መኪናዋን ፔዳል መርገጥ አቅቷት መጣች። ስድስት ዓመት ሙሉ ለወገብ ሕመም ስትታከም ኖራለች፤ የእኛው ሆስፒታልም «ምንም የለም» ብሎ ሁለት ጊዜ መልሷታል። እሳቸው ግን «እስቲ እህቴ፣ ከወሩ በየትኛው ቀን ነው የሚብስሽ?» ሲሉ ጠየቋት። ሕመሙ ከወር አበባዋ ጋር የሚመጣ ነበር። የማህፀንን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ህዋስ ከማህፀን ውጭ በቅሎ፣ ወደ እግር የሚወርደውን ነርቭ አንቆት ተገኘ። ነርቩን ሳይጎዱ ያንን አላቅቆ ማውጣት ሰባት ሰዓት ፈጀ። በሦስተኛው ወር ልብስ ሰፊዋ ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ከዚያ ወዲህ ማንኛዋም ታካሚ ለቀዶ ሕክምና ከመቅረቧ በፊት፣ የሚያማትን ቀን ለሦስት ወር በቀን መቁጠሪያ ላይ እንድትከብ፣ በኮሪደሩም እስከ ጫፍ ተራምዳ እንድትመለስ ደነገጉ። መጀመሪያ ላይ ስቀንባቸዋል። ነርቭ አጠገብ ሲደርሱ እጃቸው ስለሚዘገይም «እትዬ ቀስ በቀስ» የሚል ቅጽል ስም አውጥተንላቸዋል። ስሙን የሰሙ ዕለት «እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ ታያላችሁ» አሉን እንጂ አልተቀየሙም። ዘጠኝ ሐኪሞችን በዚሁ አካሄድ አሠልጥነዋል።

ከአምስት ዓመት በፊት የቆዩ የሕክምና ካርዶችን መርምረው፣ የልብስ ሰፊዋን የመሰለ ምልክት እያላቸው «ምንም የለም» ተብለው የተሰናበቱ አርባ ሦስት ሴቶችን ለዩ። ተጠርተው እንደገና እንዲመረመሩ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠየቁ። አስተዳደሩ «ገመናችንን አደባባይ ማውጣት ነው» ሲል መለሰ። እሳቸውም በመጨረሻው ደብዳቤ ግርጌ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው ጻፉልን። ደብዳቤውን ፋይል ውስጥ አስቀመጥነው። በዚህ እናፍራለን።

ለባለቤታቸው፣ ለሁለቱ ሴት ልጆቻቸው፣ ለታናሽ ወንድማቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ ብርታቱን ይስጥልን እንላለን።

ለአርባ ሦስቱ ሴቶች፦ ከሰኞ ጀምሮ ስልክ ይደወልላችኋል። ስልካችሁ ከተቀየረ ራሳችሁ ኑ፤ ካርዳችሁ ወጥቶ ይጠብቃችኋል። ያማችሁ ነበር፤ ያላየነው እኛ ነን።