ሆን ብዬ ያበላሸሁት አንቀጽ

በቅድሚያ ለተከበሩት አማትሽ፣ ቀጥሎ ለባለቤትሽ፣ ከዚያም ላንቺ ለደራሲዋ እህቴ የአክብሮት ሰላምታዬ ይድረስ።

እንደ መከርሽኝ፣ ጠዋት ጠዋት የሕይወት ታሪኬን ጥቂት ሳልጽፍ ቁርስ አልቀምስም። ባለቤቴ ቀድሞ «ይሄ ዓረፍተ ነገር እንደ ስብሰባህ ማለቂያ የለውም» ትለኝ ነበር። ከሐኪም ቤት ከተመለስን ወዲህ ግን መነጽሯን እንኳ ሳታደርግ «ግሩም ነው፤ ብቻ ቶሎ ጨርሰው» ትላለች። ሐኪሙም ስለ ምርመራዬ ውጤት ስጠይቀው «መጽሐፉ የት ደረሰ?» አለኝ።

ትናንት ሆን ብዬ አንዱን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ደግሜ ጻፍሁት። አነበበችና «ልብ ይነካል» ብላ ዓይኗን ጠረገች።

ምዕራፉን ልኬልሻለሁ፤ እንደ ልማድሽ ሳትራሪልኝ አርሚው። ካመሰገንሽኝም ይገባኛል፤ አልቀየምሽም።

ስለ ምክርሽ ከልብ እያመሰገንሁ፣ ለአዲሱ ድርሰትሽ መቃናትን እመኛለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ