የሆዴና የጋሽ ሥዩም ስብሰባ

የካቲት 20፣ ዓርብ

የዕድር ሰብሳቢ ሆንኩ። ተመረጥኩ ማለት እንኳ ይከብዳል... እጄን ልታጠብ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤቱ ሁሉ ያጨበጭባል። ምን ተገኘ ብዬ አብሬ አጨበጨብኩ። ለካ ለራሴ ነው!

የቀድሞው ሰብሳቢ መንገሻ ጠቅልሎ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ እዚህ ኩዌት፣ በፋርዋኒያና በዙሪያዋ ያለ ዕድርተኛ ቢታመም የሚጠየቀው፣ ቢሞት አስከሬኑ አገሩ የሚላከው በእኔ አመራር ነው። አመራር! ጠዋት የሴት ፀጉር የሚተኩስ እጅ፣ ከሰዓት ሕዝብ ሊመራ።

ጸሐፊያችን ጋሽ ሥዩም ናቸው። ሪቃይ ሰፈር የአንድ ሕንፃ ዘበኛ። አገር ቤት መሥሪያ ቤት ሳሉ የአመራር ሥልጠና ወስደዋል፤ ይህን ያልሰማ ሐበሻ ኩዌት ውስጥ የለም። ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና መመሪያ ሰጡኝ።

"መሪ በማስረጃ ይወስናል። በስሜት አይወስንም።"

"ሆዴ የነገረኝ ነገር ካለስ፣ ጋሼ?"

"ሆድ የዕድሩ አባል አይደለም።"

ሳቅ በሳቅ ሆነ። ከሁሉ የባሰች ከድጃ። ሚሽሪፍ ሰፈር አንድ ቤት ወጥ ሠሪ ናት፤ ዛሬ ማዳሟ ለቅቃት ነው የመጣችው። "እንዴ ጋሼ! የተዋበች ሆድ እኮ ለብቻው ሁለት አባል ይወጣዋል!" አለች። ይህች ሴት እኔን ሳትሰድብ ውላ አታውቅም። እውነቱን ለመናገር፣ ስድቧን ካልሰማሁ ቀኑ የዋለ አይመስለኝም።

መጋቢት 8፣ ማክሰኞ

በኮሮና ምክንያት የምሠራበት ሳሎን ተዘጋ። አውሮፕላን ማረፊያው ተዘጋ። ካፌው ተዘጋ። ዕድራችን ግን አልተዘጋም።

ክፍል የምጋራት፣ እዚያው ካፌ የምትሠራው ኤልሳ ምሳ ሰዓት ላይ አሳለች። ከሰዓት በኋላ ዕድርተኛው ደረጃውን ሞልቶት መጣ... ብርቱካን፣ ሾርባ፣ ማር፣ ፌጦ። ወጋችን ነው። ሰው ሲታመም ተሰብስበን አልጋው ጫፍ ላይ እንቀመጣለን፣ ግንባሩን እንዳብሳለን፣ ከዚያ እሱ የያዘውን በሽታ ይዞት የሞተ ሰው ታሪክ እንነግረዋለን።

በሩ ላይ ቆምኩ። "አይገባም!"

"ምን ሆንሽ?"

"ሆዴ ፈራ።"

ጋሽ ሥዩም ብርቱካናቸውን እንደያዙ ወደ ፊት ወጡ። "በደንባችን አባል ሲታመም መጠየቅ ግዴታ ነው። ደንቡን የምትሽሪበት ማስረጃ ምንድን ነው?"

ምን ልበል? ዜናው ነው ልበል? ዜናውን ሁሉም ሰምቷል። እኔን ያስፈራኝ ዜናው ሳይሆን ያ ሁሉ እጅ አንድ ግንባር ላይ ሲያርፍ ታይቶኝ ነው። ይህን መናገር ግን አልቻልኩም። በሩን ዘጋሁት። "ሰብሳቢ ሆና ጨከነች!" እያሉ ሲወርዱ ሰማሁ። ብርቱካኑን ትተውታል።

መጋቢት 13፣ እሑድ

ኤልሳ ጉንፋን ነበር። ድናለች። ብርቱካኑንም ጨርሳዋለች።

ከድጃ ስልኩን ሻርፗ ውስጥ ሸጉጣ፣ ሽንኩርት እያቁላላች ደወለች። "ክብርት ሰብሳቢ፣ ሆድዎ እንዴት አደሩ? ዛሬስ ምን ይተነብያሉ?" ከኋላዋ ድስት ይንኳኳል፣ ሕፃን ይጮኻል፣ እሷ ትስቃለች።

ጉንፋን ባይሆንስ ኖሮ? ይህን የጠየቀ የለም። ጋሽ ሥዩምም "ከእንግዲህ ውሳኔ በማስረጃ ብቻ" የሚል መልእክት ላኩ። እሺ አልኩ። አፈርኩ። ሆዴን ከሥልጣን አውርጄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራው ምግብ መፍጨት ነው።

ሚያዝያ 20፣ ማክሰኞ

ከድጃ ደወለች።

"እንዴት ነሽ እህቴ? ጤናሽስ? ኤልሳስ? አላህ ይጠብቃችሁ።"

ዘጋችው።

እህቴ??

ጋሽ ሥዩም ጋ ደወልኩ። "ከድጃ አንድ ነገር ሆናለች።"

"ምን አለች?"

"ደህና ነኝ አለች።"

"እና?"

"አልሰደበችኝም።"

"ቃለ ጉባኤ ላይ ላስፍረው? አንዲት አባል በጨዋነት ተጠርጥራ..."

እኔም ሳቅሁ። ስልኩን ስዘጋ ግን ሳቁ ቀረ።

ሚያዝያ 22፣ ሐሙስ

ዛሬ እኔው ደወልኩላት፣ ጀምበር ልትጠልቅ፣ ለመግሪብ ትንሽ ሲቀረው። "ደህና ነኝ። ጾሙ ነው ያደከመኝ። ሰው እንዳትልኪብኝ።" ለምን ሰው አልልክም? ሰው ልላክ ያልኩትስ መቼ ነው?

ሆዴ በር ያንኳኳል። አልከፍትለትም። በኤልሳ ጊዜ ምን እንዳደረገኝ አውቃለሁ።

ግን እውነት ቢሆንስ? የጤና ጥበቃውን ስልክ ብደውል አምቡላንስ ይሄዳል፤ ከአምቡላንሱ ኋላ ወረቀት የሚጠይቅ ይሄዳል። የከድጃ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ፣ ካለቀ ቆይቷል። ከፊሏ፣ በስሙ ያስመጣት አሠሪ፣ ሌላ፣ የምትሠራበት ቤት ሌላ። ታማ ካልሆነ፣ በእኔ ሆድ ምክንያት ተጠርዛ ገባች ማለት ነው። ልጇ ኮሌጅ ናት፤ የምታስተምራት እሷ ናት። ታማ ከሆነና ዝም ካልኩስ?

ሁለት ገደል። መሃሉ ላይ ሰብሳቢ።

ሚያዝያ 24፣ ቅዳሜ

ሰዓት እላፊ ነው፣ ሥራ የለም። ከሰዓት ጋደም አልኩ፤ ሕልም አየሁ። ሳሎን ውስጥ የከድጃን ፀጉር አጥባለሁ። ቧንቧው ውሃ የለውም፤ ግን ይጮኻል። ዝዝዝ... "ዝጊው" ትለኛለች። እዘጋዋለሁ። ይጮኻል።

ኤልሳ "ጸልዪ" አለችኝ። ኤልሳ ለሕልም ሁሉ ያላት ፍቺ ይኸው ነው።

እያፈርኩ ለጋሽ ሥዩም ነገርኳቸው። የሚስቁ መስሎኝ ነበር። አልሳቁም።

"ድምፁን እስቲ አሰሚኝ።"

የዕድሩ ሰብሳቢ በስልክ ዝዝዝ አለች። እንዲህ ያለ ሪፖርት ቀርቦላቸው አያውቅም።

"ከሕልም ውጪ የት ሰምተሽዋል?"

አሰብኩ... ቆይ! ባለፈው ዓመት የማዳሟ ልጅ ስታገባ ፀጉር ልሠራ ሚሽሪፍ ሄጄ ነበር። ልብሴን የቀየርኩት ከድጃ የምታድርበት ክፍል ውስጥ ነው፣ ጣሪያው ላይ። ከግድግዳው ወዲያ የውሃ ታንከሩ ሞተር አለ። ያ ድምፅ ነው! ሐሙስ ስንነጋገርም ከኋላዋ ነበር። ድስት የለ፣ ሕፃን የለ፤ ሞተር ብቻ። ጆሮዬ ሰምቶ ለእኔ ሳይነግረኝ ሁለት ቀን!

ጋሽ ሥዩም ቀስ ብለው ጀመሩ። "ለመግሪብ ትንሽ ሲቀረው ነው ያልሽኝ?"

"አዎ።"

"ረመዳን ነው።"

"አዎ..."

"ወጥ ሠሪ ናት። በዚያ ሰዓት ጣሪያ ላይ ምን ትሠራለች?"

ኩዌት ውስጥ ኢፍጣር ሊደርስ ሲል ወጥ ሠሪን ከምድጃ የሚነጥላት ምን አለ? ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ሳምቡሳውን ጠብሰሽ ውጪ ነው የምትባለው።

"ይሄ ማስረጃ ይባላል?" አልኳቸው።

"ግማሽ" አሉ። "ለሌላው ግማሽ ዓይን እንላክ።"

ሚያዝያ 25፣ እሑድ

ዓይኑ ቤኪ ነው። ሚሽሪፍ የጀምዒያ፣ የኅብረት ሱቁን ዕቃ ያደርሳል፤ የመውጫ ፈቃድ ስላለው ከእኛ መሃል እንደ ሚኒስትር የሚዘዋወር እሱ ብቻ ነው። ውሃ አድራሽ መስሎ ሄደ። ቆይቶ ደወለ።

"እትዬ ተዋበች፣ ማዳሟ ናት በር የከፈተችው። ራሷ! እጇ ሊጥ በሊጥ ሆኖ። ከድጃስ አልኳት። በጣቷ ወደ ላይ አሳየችኝና ማልቀስ ጀመረች። አሮጊት እናት አሏት፣ ፈርታለች። ምግብ ደረጃው ላይ ታስቀምጥላታለች። የትናንቱ እንዳለ ነው... ዝንብ ወርሮታል።"

ጋሽ ሥዩምንም መስመሩ ላይ አገናኘኋቸው። "ድምፅ እንስጥበት?" አሉ።

"ድምፅ እስክንሰጥ..."

"ኢቃማዋ ግን።"

"አውቃለሁ ጋሼ።"

"እንግዲህ... ሰብሳቢዋ አንቺ ነሽ።"

ማስረጃው ሲሞላ የሚቀል መስሎኝ ነበር። አልቀለለኝም። የጤና ጥበቃው ጋ ደወልኩ። የከድጃን ስም ስናገር ሰው አሳልፌ የሰጠሁ መሰለኝ።

ቤኪ መንገድ ማዶ ቆሞ አይቷል። የአምቡላንሱ ሰዎች በወንበር ተሸክመው አወረዷት። ዓይኗ ተከፍቶ ነበር።

ግንቦት 3፣ ሰኞ

የከድጃ ስልክ ዝግ ነው። ሆዴን ጠየቅሁት። ስፈልገው ምንም አይልም!

ግንቦት 16፣ እሑድ

ዒድ። በማዳሟ በኩል ቤኪ ሰማ፤ ከድጃ ኦክስጅን ላይ ናት።

የእኔ ዝና ግን ወጥቷል። የዘጋሁት በር ሁሉ ተረሳ፤ አሁን ነቢይት ነኝ። ዕድርተኛው ከጠዋት እስከ ማታ ሕልሙን እየደወለ ያስመዘግባል። አንዱ ጥርሱ ሲወልቅ አየ። ሌላዋ ግመል ሊፍት ውስጥ ገብታባት አየች። ጋሽ ሥዩም የሕልም ማቅረቢያ ሰዓት ይወሰን የሚል ሐሳብ አመጡ... ከልባቸው! ለሁሉም አንድ መልስ ሰጠሁ፦ ሕልማችሁን ተዉትና በዚህ ሳምንት ያልደወለላችሁ ማን እንደሆነ ንገሩኝ።

እስቃለሁ። ምግብ ግን አይወርድልኝም። ብትሞትስ? ብትተርፍስ፣ ምን ብዬ አናግራታለሁ?

ሰኔ 9፣ ማክሰኞ

ከድጃ!

ከሆስፒታል ወጥታለች። ከሌሎች ወረቀት ከሌላቸው ሴቶች ጋር መጠለያ አስገብተዋታል፤ በረራ ትጠብቃለች። ድምፁ የእሷ አይመስልም፣ ቀጥኗል።

"ማን ነው የደወለው? ማዳም ናት?"

"እኔ ነኝ።"

"ሐኪሙ ትንሽ ቢዘገዩ ኖሮ ሬሳ ነበርሽ አለኝ።"

"አልሐምዱሊላህ" አልኩ፣ ማርያም ይቅር ትበለኝ።

"አልሐምዱሊላህ። የልጄ ትምህርት ግን አበቃ።"

"ከድጃዬ..."

"ቆይ ልጨርስ። ሆድሽን ጠየቅሽ። ጋሽ ሥዩምን ጠየቅሽ። ቤኪን ልከሽ አሰለልሽኝ። ሕልም ሁሉ አየሽ አሉኝ። እኔንስ?"

"ደህና ነኝ አልሽኝ እኮ!"

"ደህና ነሽ ወይ ስላልሽኝ ነዋ! እንደታመምሽ አውቀናል፣ ልንደውል ነው፣ አንቺስ ምን ትያለሽ... እንዲህ ብለሽኛል?"

አላልኳትም።

"ብልሽ ኖሮ ምን ትመልሺልኝ ነበር?"

"አትደውይ።"

"ትሞቺ ነበራ!"

"እሞት ነበር። ቢሆንም ትጠይቂኛለሽ።"

ከኋላዋ ሴቶች ይነጋገራሉ፣ አንዷ ስልኩን ለእኔም ትላለች። "ሰው ይጠብቃል" አለችና ዘጋች። ተቀይማኝ ነው? ወይስ እውነት ሰው ይጠብቅ ነበር? አላውቅም። ሆዴም አያውቅም። ለጋሽ ሥዩም ነገርኳቸው፤ እሳቸውም አያውቁም።

ልክ ነበርኩ? አዎ። በደልኳት? አዎ። እነዚህ ሁለቱ በአንድ ቃለ ጉባኤ ላይ እንዴት ይጻፋሉ?

ሰኔ 12፣ ዓርብ

ፋርዋኒያ ታጥራለች። መንገዱ ጫፍ ላይ ሽቦና ፖሊስ አለ። ስብሰባው በስልክ ሆነ።

አጀንዳ፦ ኤልሳ። ካፌው እንደተዘጋ ነው፤ አሠሪዋ ጠፍቷል። የተመላሾች በረራ ሊኖር ነው ይባላል። ትሂድ ወይስ ትቆይ?

ሁሉም ሐሳብ ነበረው። ቤኪ ትሂድ አለ። ሌሎቹ ትቆይ፣ ካፌው መከፈቱ አይቀርም አሉ። ጋሽ ሥዩም የሁለቱንም ጥቅምና ጉዳት አዘጋጅተው መጥተዋል፤ ደግሞም ጥሩ አድርገው ነው ያዘጋጁት። ሆዴም ተነሥቷል... ትሂድ ይላል፣ አጥብቆ። አዳመጥኩት። ምክንያቱን ጠየቅሁት፤ ባለፈው ሳምንት ልብሶቿን አጣጥፋ ሻንጣ ውስጥ ስታስገባ አይቼ ኖሯል። ይህንን ግን ለጉባኤው አልተናገርኩም። ለእሷ የሚነገር ነው።

ኤልሳ አልጋዋ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች፤ ስለ እሷ የሚባለውን ከስልኬ ትሰማለች። ሁሉም ተናግሮ ሲጨርስ ስልኩን መሃላችን አስቀመጥኩት።

"ኤልስዬ፣ ሻንጣሽን አይቻለሁ። የሄድሽ እንደሆነ እንሸኝሻለን፣ የቆየሽም እንደሆነ አብረን እንቆያለን። አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?"

መሬት መሬት ታያለች። እኔም አፌን ያዝኩ፤ ለእኔ ትልቅ ሥራ ነው።

"ሃሎ? ሃሎ! መስመሩ ተቋረጠ እንዴ?" አሉ ጋሽ ሥዩም።

"አልተቋረጠም ጋሼ። እያሰበች ነው።"