መንገድ የሚያሳይ፥ የሰው ዓይን የማይወጋ መብራት ስለ መከልከሌ

ግንቦት ፲፩ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.
ጎንደር

ለክቡር የጎንደር ተሽከርካሪዎች መመርመሪያ ጽሕፈት ቤት ሹም

ጉዳዩ፦ ከምነዳው አውቶቡስ ላይ እንዲነሡ የታዘዙት የፊት መብራቶች በጨለማ ተፈትነው እንዲመለሱልኝ ስለ መለመን

ክቡር ሆይ፥

ከዚህ በፊት በቃልም በጽሑፍም አቤት ብዬ መልስ ያጣሁበትን ጉዳይ ዛሬ ከመነሻው ጀምሬ በትሕትና አቀርባለሁ። ቢረዝምብዎ ይታገሡኝ፤ ባጭሩ ስናገር የሰማኝ የለምና።

፩. ስሜ ማሩ አላምረው ነው፤ ነዋሪነቴ በቁስቋም ነው። የወይዘሮ ሐረገወይን ንብረት የሆነውን አውቶቡስ ከጎንደር በደባርቅ በኩል እስከ አዲ አርቃይ እነዳለሁ። መንዳት የለመድሁት ጣሊያን ጥሎት በሄደ ካሚዮን ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ማኪና ገልብጬ ወይም ሰው ገጭቼ በየትኛውም ጣቢያ አልተከሰስሁም።

፪. ባለፈው ዓመት በሐምሌ ወር ከአዲ አርቃይ ተነሥተን ሊማሊሞን ስንወጣ ጉም ወረደብን። ቀኑ መሸት ብሎ ነበር። የአውቶቡሱ መብራቶች አርጅተው ስለ ነበር የሚያሳዩኝ የጉሙን ንጣት እንጂ መንገዱን አልነበረም። ረዳቴ ፋንታሁን የባለቤቴ የትርንጎ ታናሽ ወንድም ነው። እርሱም፥ «አያ ማሩ፥ እኔ ወርጄ ፊት ፊት ልሂድልህ፤ ነጠላዬን እያየህ ተከተል» አለኝ። ነጠላውን በትከሻው ላይ ዘርግቶ በገደሉ ጠርዝ በኩል ይመራኝ ጀመር።

ጥቂት እንደ ሄድን አንድ የጭነት ማኪና ከላይ ወረደብን። መብራቶቹ አራት ሲሆኑ ሁሉም ወደ ላይ ያቀኑ ነበሩ። የራሴን መብራት አጥፍቼ በማብራት ምልክት ሰጠሁት፤ እርሱ ግን ዝቅ አላደረገም። ዓይኔ ስለ ጠፋብኝ ፍሬን ይዤ ቆምሁ። ፋንታሁንም እንደ እኔው ምንም አይታየው ኖሮ፥ ማኪናው የመጣበት መስሎት ወደ ጎን ዘለለ። ጎኑ ገደል ነበር።

ተሳፋሪዎች ከቁጥቋጦ ላይ ተንጠልጥሎ አግኝተውት በገመድ አወጡት። ነፍሱ ተረፈች፤ ቀኝ እግሩ ግን ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ።

የጭነት ማኪናው ሾፌር አልሸሸም። ወርዶ ሲያለቅስ፥ «እኔም እኮ ጉሙ አላሳይ ብሎኝ ነው ሁሉንም ያበራሁት» አለ። ክቡር ሆይ፥ ይህ ውሸት አልነበረም። እርሱ ለማየት ብሎ እኛን አሳወረን፤ እኔ ደግሞ ሌላውን እንዳልወጋ ብዬ ሳይሆን መብራቴ ደካማ ስለ ሆነ ብቻ ማንንም አላሳወርሁም። ከሁለታችን አንዳችንም ደኅና መብራት አልነበረንም።

፫. ፋንታሁን ክራንች ይዞ ከሆስፒታል ሲወጣ ምንም አልወቀሰኝም። «እግሬስ ሄደች፤ መብራቱን ግን አንድ መላ በለው» አለኝ። እኔም ይህንኑ ለወይዘሮ ሐረገወይን አመለከትሁ። እርሳቸውም ሸጋ የሆነ የፊት መብራት ከአሥመራ አስመጡልኝ።

አሮጌው መብራት የደከመው በአምፖሉ ብቻ አልነበረም። የውስጡ መስተዋት ዝጎ ነበር፤ ከባትሪው የሚመጣውም ሽቦ ቀጭንና የተቀጣጠለ ስለ ሆነ ኃይሉ በመንገድ ይቀር ነበር። ሽቦውን በወፍራም ለወጥን። መብራቱ በኮረኮንች ላይ እየተንቀጠቀጠ ወደ ላይ እንዳይቀና ይባረክ የሚባለው የወለቃ ብረት ሠሪ ጠንካራ መያዣ ሠራለት፤ ከላይም እንደ ቆብ የሚጋርድ ቆርቆሮ ገጠመበት። ለጉም ደግሞ ሁለት ቢጫ መብራቶች ከፊት መከላከያው በታች ወደ መሬት አቀርቅረው ተተከሉ።

ከዚያ በኋላ ፀዳ ላይ በደልዳላ ሜዳ ከአንድ መጋዘን ግድግዳ ፊት ለፊት ቆምን። በመብራቱ ቁመት ልክ ግድግዳው ላይ በኖራ መስመር አሰመርን፤ ከፊት ሰው ሲመጣ የሚበራው የአጭሩ መብራት ብርሃን አናት ከመስመሩ ዝቅ ብሎ እስኪያርፍ ድረስም አስተካከልን። ይህ የተደረገው በባዶ አውቶቡስ አይደለም። ከኋላ ሰውና እህል ሲጫን የማኪናው አፍንጫ ቀና ይላልና፥ መንገድ ላይ እንደምንሆነው ገብስ ጭነን ደግመን አስተካከልነው።

ፋንታሁን፥ «የሚወጋ መሆን አለመሆኑን ከኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም» ብሎ ከሜዳው ማዶ በቆመ ማኪና ውስጥ በሾፌሩ ቦታ ተቀመጠ። መጀመሪያ፥ «ወጋኝ» አለ። ዝቅ አደረግን። «አሁንም ወጋኝ» አለ። ከመሸ በኋላ ደጋግመን ደጋግመን፥ በመጨረሻ፥ «ተወው፥ ታርጋውን አነበብሁት» ብሎ ጮኸ። ይህን የሰማሁ ጊዜ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ደረቴ ቀለለኝ።

፬. ከጥቅምት እስከ የካቲት በእነዚህ መብራቶች ነዳሁ። በዚህ መንገድ በመንዳት ከሁላችን የሚቀድሙት ሾፌር አያ ወልደ ዮሐንስ አንድ ምሽት ዳባት ላይ አስቁመውኝ፥ «ምነው ማሩ፥ አንተ ስትመጣ መንገዱ ፍንትው ይላል፤ ዓይኔን ግን ምንም አይነካኝም፤ ምን አድርገህ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። ያደረግሁትን አሳየኋቸው። ለምስክርነት ቢጠሩ ይመጣሉ።

፭. በየካቲት ወር አውቶቡሱን ለምርመራ ወደ ጽሕፈት ቤትዎ አቀረብሁ። ጊዜው ቀትር ነበር። መርማሪው፥ «ረጅሙን አብራ» ብለውኝ ከመብራቱ ፊት አፍንጫቸው መስተዋቱን ሊነካ እስኪደርስ ቁጢጥ አሉ። ወዲያውም፥ «ዓይኔን አጠፋኸው እኮ» አሉኝ።

«ጌታዬ፥ ረጅሙ ሰው በሌለበት ነው የሚበራው፤ ከፊት ሰው ሲመጣ በእግሬ ረግጬ ዝቅ አደርገዋለሁ» ብዬ አጭሩን አበራሁ። ቀና ስል ግን ተነሥተው ሄደዋል።

ተከትያቸው ብሄድ፥ «ከፋብሪካው ጋር ያልመጣ መብራት ክልክል ነው። ደግሞ የወለቃ ቀጥቃጭ የሠራውን ይዘህ ነው በመንግሥት መንገድ ላይ የምትሄደው?» አሉኝ። መያዣው ይነቀንቅ እንደሆነ በእጃቸው እንዲሞክሩት ለመንሁ፤ አልሞከሩም። የሚከለክለውን ደንብ እንዲያሳዩኝ ብጠይቅ፥ «ደንብ ለሾፌር አይነበብም» አሉ። እንግዲያውስ ሲመሽ ግድግዳ ላይ ይፈተንልኝ ብል፥ «ቢሮ የሚዘጋው በአሥራ አንድ ሰዓት ነው። ጨለማ ከፈለግህ መጋረጃ ይዘህ ና» ብለውኝ የቆሙት ሁሉ ሳቁ።

በዚያው ዕለት ከኔ ኋላ የተሰለፈ የጭነት ማኪና መብራቶቹ ወደ ዛፍ ጫፍ ያቀኑ ሲሆኑ፥ ከፋብሪካው የመጡ ናቸው ተብሎ አለፈ። ባለቤቱ እንዲቀጣ አልለምንም። ብርሃን የሚለካው በሚያርፍበት ቦታ መሆኑን የነገረው የለም። እኔን የሚያንገበግበኝ፥ መርማሪ ያለው ከተማ ውስጥ ይህን የሚመረምር መጥፋቱ ነው።

፮. «ካላነሣህ ታርጋው ይፈታል» ስለ ተባልሁ አዲሶቹን መብራቶች አንሥቼ አሮጌዎቹን መለስሁ። አቤት ለማለት ስመጣ አንድ ቀን፥ «ሹሙ ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልሁ፤ ሌላ ቀን፥ «ማመልከቻህ ደርሷል፥ ግን አልተመራም» ተባልሁ። ወዴት እንደሚመራ ብጠይቅ የሚያውቅ አልነበረም። ፋንታሁንም በክራንቹ አብሮኝ መጥቶ ከበር ላይ፥ «ባለጉዳዩ አንተ አይደለህም» ተብሎ ተመለሰ።

፯. ክቡር ሆይ፥ ይህን ማመልከቻ እንደገና ያስጻፈኝ በሚያዝያ ወር የሆነው ነገር ነው።

ባዬ የሚባል ገበሬ፥ ምጥ የጠናባትን ጥሩ የምትባል ሚስቱን ከዘመዶቹ ጋር በቃሬዛ ተሸክሞ እኔ ለማደር ወደ ቆምሁበት ወደ ደባርቅ ደረሰ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። በአሮጌው መብራት ሲመሽ እንደማልነዳ ነገርሁት። ባዬም፥ «አያ፥ ከዚህ ካደርን ሁለቱም ይሞቱብኛል። ቀስ እያልህም ቢሆን ውሰደን» አለኝ። እምቢ የምልበት አንጀት አጣሁ። አሳፍሬያቸው ተነሣሁ።

ዳባትን እንዳለፍን ዝናብና ጉም አንድ ላይ መጣ። የምሄድበትን አላይም። አንድ ጊዜ ጎማው ከመንገድ ወጣ፤ እንደ ምንም መለስሁት። ከዚያ በላይ ብቀጥል ሁሉንም ገደል እከታለሁ ብዬ አቆምሁ። አብረው የተሳፈሩት ሴቶች ጥሩን ከብበው አደሩ። ባዬ በር ላይ ቆሞ ወደ ሰማይ ያይ ነበር። መሬት ሲታየኝ ነድቼ ጎንደር ሆስፒታል አደረስኋት።

ጥሩ ድናለች። ሕፃኑ ግን ሳይወለድ አርፎ ነበር። ሐኪሙ፥ «ማታውን ደርሳ ቢሆን ኖሮ...» ብሎ ጀመረና ባዬን ሲያይ ወደ ጥሩ ተመለሰ። ባዬ እኔን አልወቀሰኝም። «አንተ ምን ታደርግ፤ መንገዱ አልታይ አለህ እንጂ» አለኝ። መንገዱን የሚያሳዩት መብራቶች በጆንያ ተጠቅልለው ከአልጋዬ ሥር መቀመጣቸውን ልነግረው አልቻልሁም።

፰. ስለዚህ የሚከተለውን እለምናለሁ።

ሀ. መብራቶቹን ገጥሜ፥ አውቶቡሱን ጭኜ፥ ጽሕፈት ቤትዎ በሚመርጠው ሜዳ ላይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይፈተንልኝ። ክቡርነትዎ ወይም የሚወክሉት ሰው ከፊት ለፊት በሚመጣ ማኪና ውስጥ በሾፌሩ ቦታ ይቀመጡልኝ። ዓይን የሚወጋ ሆኖ ከተገኘ በራሴ መዶሻ እዚያው እሰብራቸዋለሁ።

ለ. የሌሎችም ማኪናዎች መብራት ብርታቱ ብቻ ሳይሆን የት እንደሚያርፍ፥ በባዶም በጭነትም እየታየ ይመርመር። ይህ ለኔ ብቻ የሚጠቅም ልመና አይደለም፤ ለሚመጣብኝም፥ ለምመጣበትም ነው።

ሐ. ይህ ሁሉ የማይሆን ከሆነ ደግሞ፥ ክልከላው ከነምክንያቱ በማኅተምና በፊርማ ተጽፎ ይሰጠኝ። ደባርቅ ላይ በቃሬዛ በሽተኛ ይዞ የሚለምነኝ ሰው፥ «ምነው፥ ሲመሽ የማትወስደን?» ሲለኝ መልሱ የኔ አይደለም። መልሱ የጽሕፈት ቤትዎ ስለ ሆነ፥ ከራሴ ቃል ሳልጨምር ላነብለት እፈልጋለሁ።

ከአክብሮትና ከሰላምታ ጋር፥ ውሳኔዎን ደጅ ላይ የምጠብቅ፥

ማሩ አላምረው
ሾፌር
(ፊርማ)