ስለ መበለቷ ፊልም ማስጠንቀቂያና ስለ ተቆረጠው የሐኪም ትዕይንት

ለክቡር ኦግቡኤፊ ኦቢአጁሉ ንዎኬዲ
የፊልም ማስጠንቀቂያ ቦርድ ሊቀመንበር፣ የኡሙዜኬ ወገንም ታላቅ ሽማግሌ
ኢኑጉ

ክቡርነትዎ ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ፣ ጤናዎ እንዴት ሰንብቷል? ልብዎንም፣ ደም ግፊትዎንም፣ በተለይ ደግሞ እንቅልፍዎን እግዚአብሔር እንዲጠብቅልዎ ከልቤ እመኛለሁ፤ ወንድምዎ ካረፈ ወዲህ ዓይንዎ አልከደን ብሏል ሲባል ሰምቼ አሳስቦኛል። እኔ ንዋካኤጎ አንያኦራ እባላለሁ፤ የመልክዓ ምድር መምህርት ነኝ፤ የሟቹ ወንድምዎ የኦኩዲሊ ሚስት የሆነችው የኡዞአማካ ታላቅ እህት ነኝ። በዝምድናችን ቢሆን በጋዜጣ መጻጻፍ አይገባንም ነበር። ነገር ግን ደጅዎ በመጣሁ ቁጥር ዘበኛዎ «አለቃ ተኝተዋል» እያለ ስለሚመልሰኝ፣ እንቅልፍ ያጣ ሰው ቀኑን ሙሉ እንዴት እንደሚተኛ እያሰብኩ ይህን ለመጻፍ ተገደድኩ።

አንደኛ፤ ቦርድዎ ለተመልካች ደኅንነት ስለሚያደርገው ጥንቃቄ ምስጋናዬን ላቅርብ። ባለፈው እሑድ «ከእርሱ ጋር ያደረች» የተባለውን ፊልም አየሁ። ላላዩት አንባቢዎች፣ ባሏ በድንገት የሞተባት ሴት «አንቺ ነሽ የገደልሽው» ተብላ ከሬሳው ጋር አንድ ክፍል ውስጥ ይዘጋባታል፤ ሟቹ ከሳጥኑ ውስጥ የሚያናግራት ይመስላታል፤ እውነት ይሁን የገዛ አእምሮዋ ይሁን እሷም እኛም አናውቅም። ቦርድዎ ግን እንዳንደነግጥ ብሎ በየትዕይንቱ ፊት ጽሑፍ አስገብቶልናል። «አሁን በር ይንኳኳል፤ የሚደነግጡ ዓይናቸውን ይጨፍኑ» የሚለው ሲወጣ፣ ከኋላዬ የተቀመጠች ሴት ኦክፓ የሚሉትን የባቄላ ቂጣዋን እየገመጠች «እንግዲያው ማን እንዳንኳኳም ንገሩንና ወደ ቤታችን እንሂድ» አለች። ባሏ ደግሞ «ዝም በይ፣ ሰምተውሽ ይነግሩናል» አላት። ዶሮ የሚታረድበት ትዕይንት እንዳለም በትልቁ ተጽፎ ተነገረን፤ አዳራሹ ውስጥ ያን ጊዜ የዶሮ አጥንት የማይግጥ ሰው ማግኘት ያስቸግር ነበር።

ሁለተኛ፤ ወደ ውሃው ልምጣ። በማስጠንቀቂያው ላይ፣ ከስምዎና ከፊርማዎ በላይ፣ እንዲህ ይነበባል፦ «ባል የሞተባት ሴት በግድ ፀጉሯን ስትላጭና የባሏ ሬሳ የታጠበበትን ውሃ ስትጠጣ የሚያሳይ አሰቃቂ ትዕይንት አለ። ለልጆች፣ ለልበ ደካሞችና ለነፍሰ ጡሮች አይመከርም።» እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ፤ ሰዎች ዞረው አዩኝ። ምክንያቱን ሊያውቁት አይችሉም፤ እርስዎ ግን ያውቁታል። ይህን በፈረሙበት ሳምንት፣ በእርስዎ ሳሎን፣ ለእንግዳ ክብር የሚቀርበው የኮላ ፍሬ ከተቆረሰ በኋላ፣ ባሏን ገድላለች የተባለችውን እህቴን ከሽማግሌዎቹ ፊት አስቁመው፣

«ሚስታችን፣ እጅሽ ንጹሕ ከሆነ ውሃው ምን ያደርግሻል? ትጠጪያለሽ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል» አሏት።

«አባታችን፣ ነፍሰ ጡር እኮ ነኝ» አለችዎ።

«እናቶቻችንም እያረገዙ ነው የጠጡት። ያን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ቅምጥል አልነበረም» አሉ፤ ሽማግሌዎቹም ሳቁ።

ይህን ጥበብ እንዲያስረዱኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነፍሰ ጡር ሴት ለስላሳ ወንበር ላይ ተቀምጣ ሌላዋ ስትጠጣ ብታይ ጤናዋ ይታወካል፤ ራሷ ብትጠጣው ግን ይጸዳላታል ማለት ነው? ቦርድዎ ለተመልካቿ ያሰበውን ያህል ሽማግሌው ለወንድማቸው ሚስት ቢያስቡ ኖሮ፣ ዛሬ እህቴ የሚቀርብላትን ንጹሕ ውሃ ሁሉ እያሸተተች አትጠጣም ነበር። ይህን ሳይ ልቤ ይቃጠላል፤ እፈራለሁም። ቅዳሜ ቀብሩ ነው፤ ውሃው የሚቀርብበት ሳህንም ተዘጋጅቷል ብለውናል።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ብዙ አመነታ፤ እርስዎን በሚያህል ሰው ላይ ክፉ ነገር ማሰብ አስተዳደጌ አይፈቅድልኝም። ፊልሙ ወደ መጨረሻው ላይ ይዘላል። ሴትየዋ በሩን ከፍታ ወጥታ ለመናገር አፏን ስትከፍት፣ ወዲያው ቀብር ላይ ነን። ፊልሙን የሠራችው ችዌሉ የምትባል ልጅ በር ላይ ቆማ ስለነበር ጠጋ ብዬ ጠየቅኋት።

«እዚያ ጋ ምን ሆኖ ነው?»

«ተቆርጦ ነዋ፣ እትዬ። ‹ባሌን ሐኪም ይመርምረው› የምትልበት ነበር። ሌላውን ሁሉ ማስጠንቀቂያ ለጥፈው አሳለፉልኝ፤ እሱን ግን ሊቀመንበሩ ራሳቸው አውጪው አሉኝ።»

«ለምን አሉሽ?»

«ይረብሻል አሉ። ደም የለበት፣ ጩኸት የለበት፤ አንድ ነጭ ካፖርት የለበሰ ሰው ነው ያለው። ማንን እንደሚረብሽ እኔም አልገባኝም።»

ክቡር ሆይ፣ ሴት ከሬሳ ጋር ተዘግቶባት አለፈ፤ ውሃው አለፈ፤ ዶሮው እንኳ አለፈ። ከሁሉ የከፋው ሐኪሙ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ትዝ አለኝ፤ እህቴ ስለ ኦኩዲሊ ይህንኑ ስትጠይቅ «ወንድሜን እንደ ፍየል አታስበልቱትም!» ብለው ጠረጴዛ የመቱት እርስዎ ነበሩ። እኔ ያኔ ከሐዘን ነው ብዬ አልቅሼልዎታለሁ።

አሁንም ማንንም አልጠረጥርም፤ ነገሮችን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ብቻ ነው የያዝኩት። ኦኩዲሊ በሞተበት ዋዜማ እርስዎ ቤት የፍየል ሾርባ በልቷል፤ ሾርባዎ በአገሩ የታወቀ ስለሆነ ይህ አይደንቅም። በአባታችሁ ግቢ ምክንያት ወገኑ ሁሉ እየሰማ ተጣልታችሁ ነበር፤ ወንድማማች ይጣላል። ያን ዕለት እህቴ እኔ ዘንድ ነበረች፤ ሽማግሌዎቹ ግን ይህን ሊሰሙ ጊዜ አላገኙም። ለእናትዎ ቀብር ግማሽ ዓመት ሬሳ ቤት አስቆይተው፣ ቤት አስቀብተው፣ ሙዚቀኛ ከሩቅ አስመጥተው የተዘጋጁ ሰው፣ ለወንድምዎ ግን ሁለት ሳምንት በዛብኝ ማለትዎን ሰዎች ያነሳሉ። እኔ «ፍቅሩ አላስችል ብሏቸው ነው» እያልኩ እመልስላቸዋለሁ።

የምጠይቅዎ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እህቴ ያንን ውሃ እንዳትጠጣ። በቦርድዎ ማኅተም ለማያውቋቸው ሴቶች የሰጡትን ምክር፣ ልጅ በሆዷ ለያዘችው ለወንድምዎ ሚስት በቃልዎ ይስጡልኝ።

ስለ ትዕግሥትዎ፣ ስለ ርኅራኄዎና ዘበኛዎ ስላሳየኝ ጨዋነት እጅ እየነሳሁ፣ ማዕረግዎ ከፍ፣ ሳሎንዎ ሞቅ፣ እንቅልፍዎም እንደሚገባዎ እንዲሆን የምመኝ፣

ታዛዥዎ
ንዋካኤጎ አንያኦራ

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ኡዞአማካ በሚስትነቷ ፈርማ የባሏን አስከሬን አስመርምራለች፤ ሐኪሙም ሥራውን ጨርሷል። ውጤቱ እንደታሸገ ነው፤ እኛም አላየነውም። ቅዳሜ ሳጥኑ ከግቢው ሳይወጣ፣ ውሃውም ሳይቀርብ፣ ወገኑ ሁሉ በተሰበሰበበት ተከፍቶ ይነበባል። የእርስዎን ወግ ተከትለን አስቀድመን እናሳስባለን፤ ልበ ደካሞች ባይገኙ ይመከራል። ማን እንደቀረ ግን እናያለን።