ለምርቃት የተዘረጋ እጅ

ጥር ፳፫ ቀን፣ ቅዳሜ፤ መካነ ሰላም

ዛሬ የልጅ ልጄን ሰናይትን ከሙሽራው ጋር መረቅኋቸው። ያሳሰበኝ ቀኝ እጄ ነበር። በአገራችን ሽማግሌ የሚመርቀው መዳፉን ዘርግቶ ነው፤ የተጨበጠ እጅ ምርቃቱን ያስቀራል ይባላል። እኔ ደግሞ ባለፈው ክረምት ትንሿ ጣቴና የቀለበት ጣቴ ያለ ሕመም ታጥፈው መዘርጋት እምቢ ብለውኝ ነበር። ወለምታ መስሎኝ ወጌሻ ዘንድ ስታሽ ከረምሁ። ደሴ ያየኝ ሐኪም ግን፣ «ችግሩ ከጣትዎ አይደለም። የእጅ አንጓዎ አጥንት ሻክሮ፣ ድንጋይ ገመድን እንደሚበላ ጣቶችዎን የሚዘረጉትን ጅማቶች በልቶ በጥሷቸዋል» አለኝ። አጥንቱን አስተካክሎ፣ የተበጠሱትን ጅማቶች ከመሐል ጣቴ ጤነኛ ጅማት ጋር ሰፋልኝ።

ሙሽሮቹ ሲንበረከኩ እጄን ዘረጋሁ። የቀለበት ጣቴ ታዘዘችኝ፤ ትንሿ ግን እንደ ጎበጠች ቀረች። ሰው ሁሉ «አሚን» ሲል ዓይኔ ከእርሷ አልተነሣም።

ምርቃቱ እንዳበቃ ጎረቤቴ ሸህ ይማም ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ «መምህር፣ ሌሎቹ ቆመው ትንሿ ጣትዎ ብቻ እንደ ሰጋጅ አጎንብሳ ሩኩዕ ላይ ናት» አሉኝ።

«ከሁላችን የምትሻል እርሷ ናት፤ ጸሎቷን አያቋርጡባት» አልኋቸው።

ሰናይት ሰምታን ኖሯል። ተመልሳ ተንበረከከችና ጎባጣዋን ጣቴን በጣቶቿ ቀስ አድርጋ አቃናቻት። እንደ ያዘቻት፣ «አሁን ይድገሙልኝ፣ አባባ» አለችኝ።

ደገምሁላት። ይህን ስጽፍ ጣቲቱ እንደገና ጎብጣለች፤ ግድ የለም።