የዋቆ የኋላ ጎማ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለእትዬ ሰብለወርቅ፣ ጎሬ።

እንደምን ከርመዋል እትዬ? ጉልበትዎ እንዴት አለ? ያ ዳሌዎን የሚይዝዎ ነገር ክረምቱ ሲወጣ ለቀቀዎ ወይስ አሁንም አለ? ዓይንዎስ? እንቅልፍ ይወስድዎታል? ምግብስ ይበላልዎታል? እኔ ወንድምዎ እውነቱ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ከክርኔ ቁስል በቀር ምንም አልሆንኩም፤ እሱንም ስደርስበት እነግርዎታለሁ። ስልክ ብደውል ጆሮዎ አይሰማ፣ ኤርምያስ ልጅዎ መሃል ገብቶ ያልኩትን ግማሹን እየዋጠ ይነግርዎታል፤ ስለዚህ ይኸው በእጄ ጻፍኩ። ፊደሌ የዶሮ ጭረት መሆኑን ያውቁታል። የምታነብልዎ ኤዶም ናት አሉኝ። ኤዶም ልጄ፣ ለአያትሽ አንድም ቃል ሳታስቀሪ አንብቢላቸው፤ መሳቅ ካማረሽ ጨርሰሽ ውጪና ውጭ ሳቂ።

ቤቱ ደህና ነው። የጓሮዋን ክፍል ከወላይታ ለመጡ ባልና ሚስት አከራይቻታለሁ፤ ሁለቱም ፋብሪካ ይሠራሉ። ጸሎታቸው ጮክ ያለ ነው እንጂ ሰዎቹ ጨዋ ናቸው፤ ሲጸልዩ ስሜን ሲጠሩ ሰምቻለሁ። ምን አይተውብኝ እንደሆነ አልጠየቅኩም።

እንግዲህ ሳላወላውል ልንገርዎ። ሚስት ላገባ ነው። ወይም ላላገባ ነው። ነገሩ ያለው በእርስዎ እጅ ነው።

ሴትዮዋ ተስፋነሽ ትባላለች። ቡራዩ ኬላው አጠገብ ወተት ቤት አላት። እንደ እኔው የትዳር ጓደኛዋ ሞቶባታል። ጠዋት ጠዋት እርጎ የምጠጣው እሷ ዘንድ ነው። ወሬ አታበዛም፤ ስትናገር ግን አንዷ ቃሏ ቀኑን ሙሉ አብራኝ ትውላለች። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ የሌላ ሴት ደጅ ላይ ቆሜ እንደማላውቅ እርስዎ ምስክሬ ነዎት። እዚህች ደጅ ግን ቆምኩ።

ደግሞ አንድ ሰው አለ። ዋቆ ይባላል፣ የሱሉልታ ተወላጅ ነው፤ አሁን ከገፈርሳ ወዲያ ላም ያረባል። ሰዎች ኦቦ ዋቆ ይሉታል፤ እኔም ፊት ለፊት ሲሆን እለዋለሁ። እሱም ሚስቱ ሞታበታለች። የተስፋነሽን ወተት የሚያመጣው እሱ ነው።

ሞተሬን ያውቁታል፣ ፎቶውን ልኬልዎታለሁ። ሆለታ አበባ እርሻ ይሠሩ ለነበሩ ፈረንጆች ሾፌር ሳለሁ፣ ባልና ሚስቱ አንድ ዓይነት ሁለት ሞተር ነበራቸው። እንደነዚህ እንደሚርመሰመሱት ቀጫጫ ሞተሮች አይደለም። መቀመጫው ዝቅ ያለ፣ መሪው ሰፍቶ ወደ ነጂው የዞረ፣ እግርን ወደ ፊት ዘርግተው እንደ ሶፋ ተደላድለው የሚነዱት ነው፤ ክሩዘር ይሉታል። አገር ለቀው ሲሄዱ የባልየውን ለእኔ ተዉልኝ፣ የሚስቲቱን ደግሞ ወተት ያመላልስላቸው ለነበረው ለዋቆ። እኔ የወንዱን፣ እሱ የሴቷን መያዙን ለሰው ሁሉ ተናግሬያለሁ። እሱ ግን «ሞተሩ ወንድ ይሁን ሴት ወተቱ አያውቅም» ብሎ ያስቃል፤ ሰውም ይስቅለታል።

የእነዚህ ሞተሮች የኋላ ጎማ ቶሎ ያልቃል፤ እዚህ አገርም ፈልገው አያገኙትም። የእኔው ተልጦ ተልጦ እንደ ራሴ መላጣ ሆነ። እንዲያም ሆኖ ተስፋነሽን በገበያ ቀን አፈናጥጬ፣ ቅቤ እንድትገዛ መናገሻ ድረስ የምወስዳት እኔ ነበርኩ። ሞተር ላይ ማን አስለመዳት? እኔ። ነሐሴ ላይ ስንመለስ ግን ጭቃው አንሸራተተንና ጎን ለጎን ተጋደምን። ምንም አልሆነችም፣ ነጠላዋ ብቻ ጭቃ ሆነ። ያን ጊዜ ዋቆ መጣ። ግራና ቀኝ የወተት ጄሪካን ጭኖ፣ በዚያው ጭቃ ላይ እንደ ዳክዬ እየዋኘ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። ጎንበስ ብዬ የኋላ ጎማውን ባየው የሞተር ጎማ አይደለም። የትንሽ መኪና ጎማ ነው እትዬ! የነዚህ የቪትዝ። ጠፍጣፋ፣ ሰፊ፣ ጥርሱ ገና ያላለቀ። ተስፋነሽም አየችው። «ውይ ኦቦ ዋቆ፣ ይሄማ መኪና ነው!» አለች። ለእኔ ሞተር እንዲህ ብላ አታውቅም።

በሚቀጥለው ገበያ ቀን ሞተሬን ወልውዬ በሯ ላይ አቁሜ እርጎዬን እጠጣለሁ። እሷ ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፣ በአጠገቤ አለፈችና ወተቱን አራግፎ ከቆመው ከዋቆ ኋላ ባዶ ጄሪካኖቹ መሃል ወጣች። «ጋሽ እውነቱ፣ እርስዎ ዛሬ ይረፉ» አለችኝ። ይረፉ! ደክሞኛል ያላት ሰው አለ?

ከዚያ ወዲያ ዓይኔ ጎማ ሲያይ ይውላል። የዋቆ ሞተር ገና ኬላው ጋ ሳይደርስ በድምፁ እለየዋለሁ፤ ያ ሰፊ ጎማ አስፋልቱ ላይ ሹ እያለ ሲመጣ እርጎዬን ትቼ በር ላይ እወጣለሁ። ጎረቤቴና የእድራችን ሰብሳቢ ሐጂ አብዱረዛቅ ሁኔታዬን አይተው «አንተ ሰውዬ፣ በምን ቀንተህ ነው እንዲህ የከሳኸው?» አሉኝ። በዋቆ ጎማ አልኳቸው። ሳቁብኝ። ከዚያ አልፌ አልተናገርኩም። ምን ብዬ ልናገር? በዚህ ዕድሜዬ?

እኔም የመኪና ጎማ ልግጠም አልኩ። ግን የእሱን የሚያህል? አይሆንም፤ ከእሱ የሰፋ አስፈለግኩ። ጎሚስታው «አባባ፣ የሞተር ቸርኬ ለመኪና ጎማ አልተሠራም። የኦቦ ዋቆም ቢሆን በመከራ ነው የተቀመጠው፣ የእርስዎ ደግሞ ይብሳል» አለኝ። ግጠም ብዬሃለሁ አልኩት። ጎማው ከስፋቱ የተነሣ የጭቃ መከላከያውን ሲነካ መከላከያውን በመጋዝ አስቆረጥኩት። ንፋስ ሲሞላ ጧ! ጧ! ብሎ ቸርኬው ላይ ገባ፤ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ አየ። ጎሚስታው አሁን ንፋሱን ልቀንስለት አለ። ዕድሜዬን የጭነት መኪና ስነዳ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ የእኛ ጎማ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ነው የሚሄደው፣ ተወው አልኩት። ለእርስዎ ግን አልደብቅም፤ የዋቆ ጎማ ከታች ትንሽ ተኛ ይል ነበርና የእኔ ተወጥሮ፣ ደረቱን ነፍቶ እንዲታይ ብዬ ነው።

ተስፋነሽን ለመንኳት። አንድ ጊዜ ብቻ ብላ ወጣች። ቀጥታው መንገድ ላይ እንደ ሹም ሄድን። ከኋላዬ ሆና «ዛሬስ አይንገዳገድም» ብላኛለች፤ ይህችን ቃል ማንም አይወስድብኝም። ገፈርሳ ግድቡ አጠገብ መታጠፊያው ሲደርስ እንደ ልማዴ ገላዬን ዘንበል አደረግኩ። ሞተሩ ግን እምቢ አለ። ለካ ጠፍጣፋ ጎማ እንደ ጠረጴዛ መቆም ነው የሚያውቀው፣ እንደ ሞተር ጎማ ጎኑ ላይ አይጋደምም። ይህን ማን ይንገረኝ? ዋቆን ልጠይቅ? መንገዱ ወደ ግራ ዞረ፣ እኛ ቀጥ ብለን ወደ ባሕር ዛፉ። ፍሬን ይዤ ይዤ ቁጥቋጦው አስቀረን። ክርኔ ተገሸለጠ። እሷ ተነሥታ ቀሚሷን አራገፈችና አየችኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። «ጋሽ እውነቱ፣ ከማን ጋር ነው የሚሽቀዳደሙት?» አለችኝ፤ ሚኒባስ አስቆመችና ሄደች።

ከሰው ሁሉ ተመርጦ ማን ይምጣ? ዋቆ። ሞተሩን ከቁጥቋጦው ጎትተን አወጣነው። አልሳቀብኝም። ቢስቅብኝ ደግ ነበር፣ ሳልቸገር እጠላው ነበር። ጎማውን በጡጫው መታ መታ አደረገና ተኛ እስኪል ንፋሱን አስተነፈሰው። «ሱታ ኦቦ እውነቱ፣ ቀስ በል። ይሄ ጎማ በገላ አይታዘዝም። ወደ ግራ ስትታጠፍ የግራውን እጀታ ወደ ፊት ገፋ አድርገው፣ እስኪዞር አትልቀቀው» አለኝ። ከዚያ ራሱ ወጥቶበት መታጠፊያውን ዞሮ ተመለሰ። በእኔ ሞተር! በወንዱ ሞተር! እንዴት እንደሚያምርበት ቢያዩት እትዬ፣ አንጀቴ ነው የተቃጠለው። እኔም እንዳለው ገፋሁት፤ ዞረልኝ። አመሰግናለሁ በማለት ፈንታ ግን ክርኔን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ።

በዚህ ዓይነት ይቀድመኛል አልኩ። በማግስቱ ሐጂ ቤት ሄጄ ተስፋነሽ ዘንድ ሽማግሌ ይላኩልኝ አልኳቸው። ደስታቸው ለጉድ ነው። «ሰዎቹን እኔ እመርጣለሁ፤ አንተ አርፈህ ቤትህ ተቀመጥ» አሉኝ። እሁድ ከሰዓት ግን መቀመጥ አቅቶኝ ከመንገዱ ማዶ ቆሜ ጠበቅኩ። ሽማግሎቹ ከወተት ቤቱ ወጡ። ሐጂ ከፊት። ቀጥለው የደብሩ መሪጌታ። ከኋላ፣ ጋቢውን ደርቦ ከዘራውን ይዞ፣ ዋቆ!

ምን ሠሩኝ ብዬ ሐጂ ላይ ጮኽኩ። እሳቸውም «ምን አጠፋሁ? ሴትዮዋ ታከብረዋለች፣ ንግግር ያውቃል፣ አንተንም ከጫካ ጎትቶ ያወጣህ እሱ ነው። ከዚህ የተሻለ ሽማግሌ ከየት ላምጣልህ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ እኔ የነገርኳቸው ስለ ጎማው ብቻ ነው። ዋቆን ሲጠይቁት የታጠቡትን ጄሪካኖች እንደገና ማጠብ ጀመረ አሉ። ኋላ «ለሽምግልና ተጠርቼ እምቢ ብዬ አላውቅም» ብሎ ጋቢውን አነሣ።

እዚያ ገብቶ ስለ እኔ የተናገረውን ሐጂ አንድ በአንድ ነገሩኝ። «እውነቱ ግትር ነው። ሲነዳም ግትር ነው፣ ሲወድቅም ግትር ነው። ግን ገፈርሳ ላይ ስትወድቁ ሞተሩን ትቶ መጀመሪያ አንቺን ነው ያየው፤ ይህን ራስሽ ነግረሽኛል» አላት። ይታይዎት እትዬ፣ ይህን የነገረችው ለእሱ ነው! ከኋላው ተቀምጣ፣ ለእሱ! ለእኔ ያለችኝ ከማን ጋር ይሽቀዳደማሉ ብቻ ነው። እሷም ሳቅ አለች አሉ። ከዚያ ቀና ብላ አየችውና «ኦቦ ዋቆ፣ ይህን የሚሉኝ እርስዎ ነዎት?» አለችው። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አላት፤ ዓይኑን ግን ወደ በሩ መለሰ።

ሐጂ ይህን ሲነግሩኝ ለእሳቸው ምንም አልታያቸውም። ለእኔ ግን ታየኝ። ያ ሰውዬ ይፈልጋታል። እየፈለጋት ሄዶ ለእኔ ጠየቀልኝ። እኔ በእሱ ቦታ ብሆን ወገቤን አመመኝ ብዬ እተኛ ነበር። በሞተሩ ቀናሁ፣ በጎማው ቀናሁ፣ አሁን ደግሞ በዚህ ቀናሁ፤ ይሄኛውን የትኛው ጎሚስታ ይገጥምልኛል?

የተስፋነሽ መልስ ይህ ነው፦ «ለወንዶች አልመልስም። ታላቅ እህት አላቸው ይባላል፤ እሳቸው ይምጡና በልቤ ያለውን ለእሳቸው እናገራለሁ።» እሺ አይደለም፣ እምቢም አይደለም። ስለዚህ ይምጡልኝ እትዬ። ዳሌዎ እንደሚያምዎ አውቃለሁ፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ ግን ከእርስዎ ሌላ የለኝም። ለብቻዋ ይዘዋት ይቀመጡ። ስለ እኔ መልካም መልካሙን ያውሩላት፤ ክፉውን ታውቀዋለች። ከዚያ ማንን እንደምትፈልግ በግልጽ ይጠይቋት። ዋቆን ካለች፣ እንግዲህ ሰው በሌለበት ቀስ ብለው ይንገሩኝ። ተራዬ ደርሶ ለእሱ ሽማግሌ ሆኜ የምሄድለት እንዳይመስልዎ። አልሄድለትም። አሁን ስጽፈው አልሄድለትም ነው የምለው።

በጅማ በኩል ባለው አውቶቡስ ይምጡና ሰበታ ላይ ይውረዱ። አንድ ነገር ግን በእናታችን አጥንት ይዤዎታለሁ። ሐጂ መምጣትዎን ለዋቆ አጫውተውት «የእኔ ሞተር ለትልቅ ሰው ይመቻል፣ ሰበታ ድረስ ሄጄ አመጣቸዋለሁ» ብሏል። እንዳይወጡለት! የወንድሜ ወንበር ሰፊ ነው፣ ከክርኑ በቀር እሱም ደህና ነው ይበሉት። የምቀበልዎ እኔ ነኝ። ጎማዬን አልፈታሁትም፣ ንፋሱን ግን ቀንሼዋለሁ፤ መታጠፊያውንም ብቻዬን ደጋግሜ ሄጄበታለሁ። ከፈሩም ሚኒባስ አሳፍርዎና በሞተሬ ከኋላ እከተላለሁ። እሷን ከኋላው አስቀምጧታል፤ እርስዎን ግን አልሰጠውም።

ኤርምያስን ሰላም ይበሉልኝ፤ ሲያሳፍርዎ ከሾፌሩ ኋላ ያለውን ወንበር ይያዝልዎ። ለሚስቱ ለሚርያም ሰላምታዬ ይድረስ፤ የላከችው የጎሬ ማር ደርሶኛል፣ ግማሹን ተስፋነሽ ወስዳዋለች፣ ለማን እንዳቀመሰችው አልጠየቅኳትም። ትንሹን ልጃቸውን አቤኒን ሁለቱንም ጉንጩን ይሳሙልኝ። ኤዶም ልጄ፣ ጨርሰሻል፤ አሁን ውጪና ሳቂ።

ታናሽ ወንድምዎ እውነቱ
ቡራዩ፣ ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.